የደንቢራው አጣሪ

የአንድ ወረዳ ሰዎች ሦስት ሆነው በተቀመጡበት ሁሉ አንዱ ይጋብዛል፣ አንዱ ያወራል፣ አንዱ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ይጠይቃችኋል። ጋባዡና አውሪው ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ጠያቂው ግን አይለወጥም። ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ገና ጫማችሁን አውልቃችሁ ሳትጨርሱ «ከየት በኩል ነህ?» ይላችኋል። መልሳችሁን ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል። አምኖ እንዳይመስላችሁ፤ እንዳላመነ እንድታውቁለት ነው።

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለሚኖረው የደንቢራ ወረዳ ሕዝብ ይህ ሹመት የክቡር አቶ ሐብተማርያም ነው። ማንም አልሾማቸውም፤ ማንም ሊሽራቸውም አይችልም። ደንቢራ በደቡብ ምዕራብ ጫካ ውስጥ ያለች፣ ካርታ ላይ ለማግኘት መነጽር የምታስፈልግ ወረዳ ናት። እሳቸው ግን ማን መጀመሪያ እንደሰፈረባት፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደመጣ፣ ወታደሮቹ የድሮውን ከተማ፣ ላይ ሰፈርን፣ እንዴት እንደቆረቆሩ፣ ሸማኔዎቹ በየትኛው በር እንደገቡ፣ የኦዳ ቡና ኦሮሞዎች ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደተሻገሩ፣ ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል። አይጽፉትም። «ወረቀትም ይዋሻል፣ ሰውም ይዋሻል፤ የሰውን ግን ዓይኑን ታየዋለህ» ይላሉ።

እንጀራቸው ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ የኤርፖርት ፓርኪንግ ማመላለሻ መኪና፣ ሻትል፣ መንዳት ነው። አንድ ቀን ሻንጣ የያዘ ወጣት ከኋላ ወንበር ላይ በስልክ አማርኛ ሲያወራ ሰሙት፤ የደንቢራን ስም ጠራ። ከዚያ በኋላማ ምን ይጠየቃል። የአባቱን ስም ጠየቁት፤ የአያቱን ጠየቁት፤ ተርሚናሉ በር ላይ ደርሰው ሻትሉን አቆሙና በሩን ሳይከፍቱ ዞር ብለው «ቆይ ቆይ፣ ይሄ አያት በእናትህ በኩል ነው በአባትህ?» አሉት። ልጁ በረራው ሊያመልጠው ሆነ። አብረው የተሳፈሩት ፈረንጆች አዲስ የደኅንነት ምርመራ መስሏቸው መታወቂያቸውን አወጡ።

ሌላ ጊዜ አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት ነኝ ያለ ሰው ከፊት ተቀምጦ አዩ። አጎትነቱ በእንጀራ አባት በኩል መሆኑ ሲደረስበት፣ ሁለት ወንበር ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ፈረዱበት። አንድ ለቅሶ ቤት ደግሞ ደረቷን እየደቃች የምታነባ ሴት አጠገብ ጎንበስ ብለው፣ በትሕትና፣ «እኅቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ለሟች ምናቸው ነሽ?» አሏት። ሰው ሁሉ በጣም አፈረ፤ አንዳንዱም ተቆጣ። ሴትዮዋ ግን ለካ አፓርትመንት ተሳስታ ነው የገባችው፤ የእሷ ለቅሶ አንድ ፎቅ ከላይ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ሐብተማርያምን ማን ችሎ ይናገራቸዋል።

የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ጎንፋ፣ እሳቸው የኦዳ ቡና ሰው ናቸው፣ «ሐብተማርያምን ደኅና ነኝ ብትለው እንኳ ምስክር አምጣ ይልሃል» ይላሉ። ጋሼ ሐብተማርያም ይህን ሲሰሙ አይስቁም። የተነገራቸውን ሁሉ ሰምተው መጨረሻ ላይ አንዲት ቃል ነው የሚናገሩት፦ «ይጣራል።»

እንግዲህ ሮማነወርቅን የሚያሳድዷት እኚህ ሰው ናቸው። እሷ እንደዚያ ነው የምታምነው።

ሮማነወርቅ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት። ሜፕልዉድ፣ ከገበያ አዳራሹ ከሞሉ ጀርባ ባለ አፓርትመንት፣ ከልጇ ከሶልያናና ከእናቷ ከእማማ ደብሪቱ ጋር ትኖራለች። የእማማ ደብሪቱ ኩላሊት ደክሟል፤ አንድ ቀን እየዘለሉ ዳያሊስስ ይሄዳሉ። ሞትን አይፈሩትም፤ «እሱ የራሱ ጉዳይ ነው» ይሉታል። የሚፈሩት የማያውቃቸው ሰው እንዳይቀብራቸው ነው። «አባትሽ ደንቢራ ነው ያረፈው» ይሏታል፤ «እኔ አፈሩ ባይደርሰኝ ሰዉ ይድረሰኝ።»

ይህን ማድረግ የሚችለው የደንቢራ ተወላጆች ዕድር ብቻ ነው። የዕድሩ ደንብ እንዲህ ነው። የወረዳው ሰው ያልሆነ አይገባም። ሰው ሲሞት በመንደሩ ስም ይጠራል፤ የመንደሩ ሰዎች ከሬሳው ፊት ይቆማሉ፤ ጋሼ ሐብተማርያም ይነሡና ሟች የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደኖረ፣ ምን እንዳየ ለቀባሪው ይናገራሉ። ይህን ሲናገሩ ዓይኑ ደረቅ የሆነ ሰው አይገኝም፤ ወረቀትም አይዙም።

ችግሩ ሮማነወርቅ መዋሸቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ መንግሥት የወሎን ገበሬ በጭነት መኪና እየጫነ ወደ ጫካው አገር ሲያወርድ፣ ደንቢራ ውስጥ ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ ያላቸው መንደሮች ተሠሩ። የሮማነወርቅ ቤተሰብ የወረደው መንደር ሦስት ነው። እሷ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። አባቷ በሁለተኛው ክረምት በወባ ሞተ፤ መንደር ሦስት ተቀበረ። ትምህርት ቤት ስትገባ ላይ ሰፈር ያሉት ልጆች «ሠፋሪ» አሏት። ሠፋሪ ማለት ከሌላ ቦታ የመጣ ማለት ብቻ አልነበረም። የዕርዳታ ዱቄት የሚበላ፣ ነገ የሚሄድ፣ ሲሞትም የማይጠየቅ ማለት ነበር። አድጋ፣ ተምራ፣ አገር አቋርጣ፣ የአሜሪካ ዜግነት ወስዳ እንኳ ያቺን ቃል ስትሰማ ፊቷ ይግላል።

ስለዚህ አቶ ጎንፋ ወደ ዕድሩ ሊያስገቧቸው ደውለው «እናትሽ ከየትኛው መንደር ናቸው?» ሲሏት አፏ ቀደማት። «ከላይ ሰፈር» አለች።

ላይ ሰፈር የድሮው ከተማ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ቆርቆሮ ቤቶቹ ያሉበት። በሚኒሶታ ካለው የደንቢራ ሰው ግማሹ ከላይ ሰፈር ነኝ ይላል። ስኔሊንግ አቨኒው ላይ ምግብ ቤት ያለው አክሊሉ እንኳ አያቴ የላይ ሰፈር ቀኛዝማች ነበሩ ብሎ ለፈረንጅ ደንበኛ ሁሉ ያወራል። ጋሼ ሐብተማርያም ይህን አይወዱትም። «ላይ ሰፈር ያን ጊዜ ይሄ ሁሉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ፣ መቆሚያ አጥተን እርስ በርስ ትከሻ ላይ እንሠፍር ነበር» ይላሉ።

እናም ብዙም ሳይቆይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሮማነወርቅን በር ማንኳኳት ጀመሩ።

ሙዝ ይዘው ይመጣሉ። ሙዙን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡና ከእማማ ደብሪቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። «እትዬ ደብሪቱ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ገበያው በየትኛው ቀን ነበር የሚቆመው?» ይላሉ። ሮማነወርቅ ከማድ ቤት ጆሮዋን ታቆማለች። ይህ ምን ጥያቄ ነው? ገበያው የሚቆምበትን ቀን እሳቸው አጥተውት ነው? ወጥመድ ነው እንጂ። የደንቢራን ገበያ ሁሉም ያውቀዋል፤ የተሳሳተ ሰው ግን ይያዛል። ስለዚህ ውሃ ይዛ ትገባለች፣ «እማዬ መድኃኒትሽ» ትላለች፣ ቴሌቪዥን ትከፍታለች፣ አንድ ጊዜም ምንጣፉን በማሽን ቫክዩም አደረገች። ጋሼ ሐብተማርያም እግራቸውን አንሥተው አሳለፏትና ከቆሙበት ቀጠሉ።

«እትዬ ደብሪቱ የወሎ ቅላጼ አላቸው» አሏት አንድ ቀን በሩ ላይ ጫማቸውን እያሰሩ።

«አባታቸው ነጋዴ ነበሩ፤ ወሎ ይመላለሱ ነበር» አለች ሮማነወርቅ። አንዱ ውሸት ሌላውን ወለደ፤ ሌላው ደግሞ ፊቷን አቀላው።

ጋሼ ሐብተማርያም ቀና ብለው ዓይኗን አዩ። «ይጣራል» አሉና ሄዱ።

በዚያች ቃል ሮማነወርቅ እንቅልፍ አጣች። አረጋውያኑን መርፌ ስትወጋ ታስበዋለች፤ ሀይዌይ ላይ ድራይቭ እያደረገች መውጫዋን ታልፋለች። ሰውየው ምን ይፈልጋል? አሮጊት ሴት ከዕድር ስትባረር ለማየት ነው? እናቷ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አቶ ጎንፋ ደውለው «ይቅርታ፣ የወረዳው ሰው አይደሉም ተብሏል» ሲሏት ይታያታል። መቃብሩ ላይ እሷና ሶልያና ብቻ ቆመው ይታያታል። ያን ስታስብ ጋሼ ሐብተማርያምን በእውነት ትጠላቸዋለች።

እናቷን ማሠልጠን ጀመረች። «እማዬ፣ ቤታችን የት ነበር ቢልሽ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነበር በይ።»

እማማ ደብሪቱ አሰብ አደረጉ። «ከቤተ ክርስቲያኑ በታች መቃብር ነው፤ ሙታን መካከል ነበር የምንኖር ልበል?»

«እሺ፣ ከበላይ።»

«ከበላይ እስር ቤት ነው።»

«እንግዲህ አንድ ቦታ በይ እማዬ፣ በሞቴ።»

«አንድ ቦታማ አለኝ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «እዚያው በነበርሁበት ብሆን ምን ይለኛል? ምን ሰርቄያለሁ?» ሮማነወርቅ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ሳህኑ ንጹሕ ነበር።

በሐምሌ መጀመሪያ አቶ ጎንፋ ደወሉ። ስለ ደንቢራ ቀን፣ ስለ ሥጋው፣ ስለ መጠጥ ማቀዝቀዣው በረዶ አወሩና ሊዘጉ ሲሉ «እ፣ ደግሞ ሐብተማርያም የእናትሽን ጉዳይ በዕለቱ እጨርሳለሁ ብሏል» አሏት።

«ምኑን ነው የሚጨርሱት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እቴ። የእሱን ነገር እሱ ነው የሚያውቀው።»

የደንቢራ ቀን በየዓመቱ ሴንት ፖል ውስጥ፣ ፌለን ሐይቅ ዳር ይከበራል። ሌላው የኢትዮጵያ ወረዳ ሁሉ ፓርክ ሲሄድ እንደ ሰው ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። የደንቢራ ሰው ግን እንደዚያ አይቀመጥም፤ ጋሼ ሐብተማርያም አይፈቅዱማ። በጠዋት ይመጡና ወረዳውን ሣሩ ላይ ይዘረጉታል። ወንዙ የመኪና መጎተቻ ገመድ ነው። ላይ ሰፈር ኮረብታዋ ላይ ትልቅ ምንጣፍ ይነጠፍለታል። ኦዳ ቡና ከገመዱ ማዶ፣ ሸማኔዎቹ ከጥዱ ሥር። ሰው ሁሉ ሲመጣ የየመንደሩ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከወንዝ ማዶ ለወንዝ ማዶ ጥብስ ይላላካል። አንድ ጊዜ ከኦዳ ቡና የመጣች ሴት ፀሐይ በዛብኝ ብላ ምንጣፏን ወደ ጥዱ ብታስጠጋ፣ «እመቤቴ፣ የሰው መሬት ገብተሻል» አሏት።

ከሁሉም ዝቅ ብሎ፣ ከገመዱ መጨረሻ ላይ፣ አንድ አረንጓዴ ሸራ አለ። እሱ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። ሰው የበረዶ ሳጥኑን፣ የሕፃን ጋሪውን፣ የማይፈልገውን ጫማ ይጥልበታል። ጋሼ ሐብተማርያም ግን በየዓመቱ ያነጥፉታል፤ ዕቃውን በየጊዜው እየመጡ ወደ ዳር ይገፉታል። አንዳንዱ ልማድ ሆኖባቸው ነው ይላል፤ አንዳንዱ ለመኪናቸው ሽፋን እያደረቁ ነው ይላል። ሮማነወርቅ ግን የት እንደሆነ ገና ስታየው ገብቷታል። ከወንዙ በታች፣ ከረግረጉ አጠገብ። መንደር ሦስት ነው።

ያን ቀን እናቷን በመራመጃ ብረታቸው በዎከሩ እየደገፈች ቀጥታ ወደ ኮረብታዋ ወሰደቻቸው፤ ላይ ሰፈር ምንጣፍ ላይ ከአክሊሉና ከባለቤቱ ከሲንቄ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ሲንቄ የኦዳ ቡና ልጅ ናት፤ በባሏ ነው ላይ ሰፈር የምትቀመጠው፤ ይህንንም ጋሼ ሐብተማርያም አጣርተው የፈቀዱት ነው። አክሊሉ ስለ አያቱ ስለ ቀኛዝማቹ በቅሎ እያወራ ነበር። እማማ ደብሪቱ ትንሽ አዳመጡት። ዓይናቸው ግን ወደ ታች፣ ወደ አረንጓዴው ሸራ ነበር።

ሮማነወርቅ ጋሼ ሐብተማርያምን በዓይኗ እየተከተለች ነው። ከመንደር መንደር ይዞራሉ፤ ከአቶ ጎንፋ ጋር ይንሾካሾካሉ፤ አንድ ጊዜ ወደ እሷ አሻግረው አዩ። አሁን ሊመጡ ነው። ሰው ሁሉ እያየ ሊያስነሷቸው ነው። መኪናዋን ያቆመችበትን አሰበች፤ እናቷን ይዛ ለመሮጥ። ዎከር ይዞ መሮጥ ካለ።

«ማሚ» አለች ሶልያና ከስልኳ ቀና ብላ፣ «ግራንማ ኢዝ ሊቪንግ።»

እማማ ደብሪቱ ተነሥተዋል። ዎከራቸውን እየገፉ፣ ቀስ እያሉ፣ ቁልቁል እየወረዱ ነው። ሮማነወርቅ ደረሰችባቸው። «እማዬ፣ ወዴት ነው? ሽንት ቤት ከሆነ በዚህ በኩል ነው።»

«ቤቴ» አሉ እማማ ደብሪቱ፣ ሳይቆሙ። «ሰው ቤት ሰነበትሁ፤ ዛሬ እንኳ ቤቴ ልግባ።» ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ዝቅ ማድረግ ያለባቸው ጊዜ ሁሉ ያለፈ ይመስል ነበር። የላይ ሰፈር ሰው ዞሮ አያቸው። አረንጓዴው ሸራ ላይ ደረሱ፤ የበረዶ ሳጥኑን በዎከራቸው ገፍተው ቦታ አስለቀቁና ተቀመጡ።

ሮማነወርቅ መካከል ላይ ቆማ ቀረች። ወደ ላይ ብትመለስ እናቷን ካደች፤ ወደ ታች ብትወርድ የደበቀችውን ሁሉ አወጀች። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የቆመች መሰላት።

ያኔ ሌላ ሰው ከኮረብታዋ ሲወርድ አየች። አክሊሉ ነው። ጥብሱን በሳህን ይዟል፤ ማንንም አያይም። ሸራው ላይ ደርሶ ከእማማ ደብሪቱ ጎን ቁጭ አለ። ሲንቄ ላይ ሰፈር ምንጣፍ ላይ አፏን ከፍታ ቀረች። «አክሊሉ፣ ምን እየሠራህ ነው? ቀኛዝማቹስ?»

«ቀኛዝማች አልነበሩም» አለ አክሊሉ ከታች። «ከወረኢሉ የመጡ ገበሬ ነበሩ።»

«በቅሎዋስ?»

«በቅሎዋም የሰው ነበረች።»

ሲንቄ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያች በቅሎ ላይ ስትቀመጥ ኖራለች። ከዚያ ጫማዋን አነሣችና፣ በኦሮምኛ የሆነ ነገር እያጉረመረመች፣ ወርዳ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ሌላም ሰው ተነሣ፤ ከሸማኔዎቹ ጥድ ሥር እንኳ አንዲት ሴት ተነሣች። ብዙ አይደሉም፤ ለሸራው ግን ብዙ ናቸው።

ጋሼ ሐብተማርያም ከጥዱ ሥር ቆመው ይህን ሁሉ ሲያዩ ነበር። ወደ ሮማነወርቅ መጡ።

«እንግዲህ አጣሩ» አለች ሮማነወርቅ። «ዋሽቻለሁ። እናቴ የላይ ሰፈር ሰው አይደለችም። መንደር ሦስት ነን። አስወጧት እንግዲህ፤ ይኸው።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ ጋሼ ሐብተማርያም።

«መቼ አወቁ?»

«እናትሽ ናቸው የነገሩኝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ። አንቺ ማድ ቤት ቧንቧ ከፍተሽ ነበር።»

ሮማነወርቅ ወደ ታች እናቷን አየች። እማማ ደብሪቱ ከአክሊሉ ሳህን ጥብስ እያነሡ ነበር። ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ ያን ሁሉ ቫክዩም።

«ታዲያ ለምን እየመጡ ያስጨንቁኛል?» አለች። ተናደደች፤ ከልቧ ተናደደች። «ካወቁ ለምን ይጣራል ይሉኛል?»

ጋሼ ሐብተማርያም የማይገባ ነገር የተጠየቁ መሰሉ። «አንድ ሰው ነዋ የነገረኝ። እናትሽ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ግን አንድ ናቸው። ሁለተኛ ምስክር ያስፈልገኛል። እስከ ዛሬ ከዚያ መንደር የማውቀው ሌላ ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ አንቺ ደግሞ ቴሌቪዥን ትከፍቺብኛለሽ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደንቢራን ጎዶሎ አድርጌ አልናገርም ልጄ። የሰው እናት ስትሞት ላይ ሰፈር ብዬ ብጠራት፣ የላይ ሰፈር ሰው ተነሥቶ ይቆማል። ማናቸው ያውቃታል? የውሸት ለቅሶ ላደርግላት ነው?»

ለካ ሰውየው ሲያሳድዷት የነበረው ከዕድር ሊያስወጧት ሳይሆን፣ እናቷን አሳምረው ሊቀብሩላት ነው። መሳቅም ማልቀስም መጣባት። ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ አታውቅም፤ ግን ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና አብራቸው ወረደች።

ጋሼ ሐብተማርያም ሸራው ዳር ቁጭ አሉ። ወንበራቸውን፣ ጥላቸውን፣ ጨዋታውን ሁሉ ትተው ሥራ ጀመሩ። «ከመኪናው እንጀምር» አሉ። «እትዬ ደብሪቱ ቀይ ነበር ብለውኛል።»

«አረንጓዴ ነበር» አለች ሮማነወርቅ፤ ሳታስበው ነው።

«ቀይ ነበር!» አሉ እማማ ደብሪቱ። «አንቺ የት አውቀሽው፤ ስታለቅሺ ነው የመጣሽ።»

«አረንጓዴ ነበር እማዬ። የጎኑ ብረት ፊቴ ላይ ነበር። ቀለሙ ይላጥ ነበር፤ በጥፍሬ እልጠው ነበር።»

ጋሼ ሐብተማርያም እጃቸውን አነሡ። «ቆይ ቆይ። ብረቱ ፊትሽ ላይ ከሆነ አንቺ ዳር ነበርሽ። ሕፃን ልጅ ዳር እንዴት ይቆማል? ትወድቂ ነበር።»

«ሰው ይዞኝ ነበር። ከኋላዬ ቀሚሴን ጨብጦ። ፊቱን አላየሁትም። ከመኪናው ጠባቂዎች አንዱ ይመስለኛል።» ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ለልጇም፣ ነርሲንግ ስትማር አንድ ክፍል አብራት ለኖረችው ጓደኛዋም።

እማማ ደብሪቱ ሳህኑን አስቀመጡ። «ምን ጠባቂ፤ አባትሽ ነው እንጂ» አሉ።

ሮማነወርቅ እናቷን አየች።

«በየትኛው እጃቸው ነበር?» አሉ ጋሼ ሐብተማርያም።

አክሊሉ «ኧረ ጋሼ» ሊል ጀመረና ተወው። እማማ ደብሪቱ ግን ጥያቄውን በክብር ተቀበሉት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈለጉት። «በቀኙ» አሉ። «ግራው የእኔን እጅ ይዞ ነበር። አገሩ ሁሉ ሲያልፍ ወዲያም ወዲህም አላየም። እኛን ብቻ ነበር የያዘው።»

ሮማነወርቅ አለቀሰች። አባቷን የምታስታውሰው አልጋ ላይ ታሞ ብቻ ይመስላት ነበር። ለካ ሌላም ትዝታ ነበራት፤ በጠባቂ ስም አስቀምጣው ኖራለች። ሶልያና መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ «ማሚ፣ ዋት ሃፕንድ?» አለቻት። «ቁጭ በይ፣ እነግርሻለሁ» አለቻት ሮማነወርቅ። ነገረቻትም፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ አንድም ቃል ሳትደብቅ።

ጋሼ ሐብተማርያም ጠብቀው አስጨረሷት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እትዬ ደብሪቱ፣ እንግዲህ ያን ቀን እንዲህ ብዬ ነው የምናገረው» አሉ። «ካልተስማማዎት አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ በኋላ ማረሚያ የለውም።»

«በል እስቲ።»

ጋሼ ሐብተማርያም ቆባቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ለመቃብር እንደሚያደርጉት ቆሙና፣ ሰውን ሳይሆን ሐይቁን እያዩ፣ በለሆሳስ ጀመሩ። «ደብሪቱ፣ የደንቢራ ሰው፣ የመንደር ሦስት። በአረንጓዴ ወይም በቀይ መኪና፣ ባሏ እጇን ይዟት የመጣች። ባዶ መሬት ላይ ቤት የሠራች። ባሏን በዚያው ያኖረች። ልጇን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች…»

ከገመዱ ማዶ፣ ኦዳ ቡና፣ አቶ ጎንፋ ተነሥተው ቆሙ። እማማ ደብሪቱ አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ አንዲቱም ቃል እንዳታመልጣቸው ጎንበስ ብለው እያዳመጡ ነበር። መሃል ላይ እጃቸውን ዘርግተው የጋሼ ሐብተማርያምን የሱሪ ጫፍ ጎተት አደረጉ።

«ከፍ አድርገህ በለው» አሉ። «ያን ቀን እኔ አልሰማም።»